የሊቀ አቶም ቆርኪ

ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ሲጠየቅ የሚመልስና ሳይጠየቅ የሚመልስ። የመጀመሪያዎቹን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኞቹ ግን በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ በየአውቶቡሱ ወንበር ላይ አሉ። አንዳንዱ ዕድለ ቢስ ደግሞ አጥር ይጋራቸዋል። የብርጓል ከነዚህ ዕድለ ቢሶች አንዷ ነበረች።

የብርጓል ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሻይ ቤት አላት። ከሻይ ቤቷ ጀርባ ግቢዋ፣ ከግቢዋ አጥር ማዶ ደግሞ ክቡር መምህር ሀይለመለኮት ይኖራሉ። ሰላሳ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ ከወጡ አስራ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡት ከክፍሉ ብቻ ነው፤ ማስተማሩን ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም። ያገኙትን ሁሉ ያስተምራሉ፣ ትምህርቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አቶም። ከተማው የቤተ ክህነት ማዕረግ አሰጣጥ ያውቅበታልና "ሊቀ አቶም" ብሎ ሾማቸው። ሹመቱን ለማብሸቅ የነገራቸው ሰው አፍሮ ተመለሰ፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አንስተው "አቶም እንኳን ሊቅ ጳጳስም ሲያንሰው ነው" ብለው ተቀበሉት።

የኮታቸው ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ ይንኳኳል። የሞላው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው። ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ጎንበስ እያሉ ይለቅሙታል፣ አጥበው ያደርቁታል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም የቆርኪው ምዕራፍ የሚመጣው ከትምህርቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከ መጨረሻው የቆየ አድማጭ ደግሞ ከተማው አላፈራም።

አንድ እሁድ የሰፈር ልጆች ግጥሚያ ሊጀምሩ ሲሉ ሊቀ አቶም ኳስ ሜዳው መሀል ገብተው አንዲት ፍሬ ጤፍ አስቀመጡ። "ልጆች፣ አቶም ይህን ሜዳ ያህላል ብትሉ፣ ክብደቱ በሙሉ ያለው እዚህች ጤፍ ውስጥ ነው። ኒውክለስ ትባላለች። ኤሌክትሮኖቹ እዚያ ዳር፣ ጎሉ አካባቢ ናቸው። በመሀከሉ ያለው ምንድን ነው? ምንም! እዚህ ላይ ነው ጉዱ!" ዳኛው ፊሽካ ቢነፋ አልወጡም፤ ጤፏን ሳያነሱ መውጣት አይሆንላቸውም። ጤፏ ደግሞ ጠፋች። ጨዋታው የተጀመረው ሃያ ሁለት ተጫዋች በእምብርክኩ ሜዳውን ሲፈልግ ቆይቶ ነው።

ሌላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አውቶቡሱ የአባይን በረሃ ጨርሶ ደጀን አፋፍ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ፍለጋ ሲበታተን ሊቀ አቶም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሰበሰቡት። ይህ አውቶቡስ ብረት መስሏችሁ እንዳትታለሉ፣ አብዛኛው ባዶ ነው አሉ። ሩብ ሰዓት እንዳስተማሩ ከኋላ አንድ ነጋዴ "ባዶ ከሆነማ ምን ያስፈራል፣ እንግፋው!" ብሎ ጮኸ። ገፉት። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሲናገር፣ እንደዚያ ቀን ነፍሱን ሰጥቶ የሚገፋ ተሳፋሪ አላየሁም ይላል።

የብርጓል ከሊቀ አቶም የምታመልጥበት የራሷ ዘዴ ነበራት። መምህሩ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጉሮሯቸውን መጥረግ ሲጀምሩ "ውይ፣ ወተቴ ገነፈለ!" ብላ ወደ ውስጥ ትሮጣለች። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ወተቱ ከመገንፈሉ ብዛት ሊቀ አቶም አንድ ቀን ብሎን መፍቻ ይዘው መጡ። "የብርጓል፣ ምድጃሽ አንድ ችግር ሳይኖረው አይቀርም" አሏት። ምድጃውን ፈተው እስኪገጥሙ ድረስ ስለ ሙቀት አስተማሯት፤ ያን ቀን የምታመልጥበት አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ በሽታው መጣ። መጀመሪያ ልቧ ያለ ምክንያት መምታት ጀመረ፣ ቀጥሎ አንገቷ አበጠ፣ ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ያዘ። ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተንኳኳ ደንበኛው ሳያያት መምጣቷን ይሰማል። ይህንንስ ትችለው ነበር። የማትችለው ልጇ ሂዊ በወለደች በሳምንቱ መጣ። የተወለደችው ሴት ናት። የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ተቀብላ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ ሕፃኗም ደንግጣ አለቀሰች። የብርጓል "እንኪ፣ ያዢልኝ" ብላ ለሂዊ መለሰቻት፣ ጓዳ ገብታም ብዙ አለቀሰች። ሰማንያው ቀን ደርሶ ክርስትና ስትነሳ አቅፌ የማስገባት እኔ ነኝ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በሽታው የአንገት እጢ ነው አላት። መድኃኒቱ የሚጠጣ ነው፣ ጨረር አለው፣ እጢዋን ቀስ እያለ ያረግበዋል፣ የእጇም መንቀጥቀጥ በዚያው ይሻላታል። ሆኖም ለሃያ አንድ ቀን ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቧ እንዳይደርሱ፣ ሌላውም ሰው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አዘዛት። የብርጓል ጠጣችው። ሕፃኗ ያን ቀን አስራ ስድስት ቀኗ ነበር። ሐኪም ቤቱ ሦስት ቀን ለብቻዋ አቆይቶ ሲያሰናብታት ግን አንድ ነገር አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጨረር ሆዴ ገብቶ እንዴት በሦስት ሳምንት ይወጣል? ሐኪሙ እንዳልደነግጥ ብሎ ነው እንጂ ከእንግዲህ መርዝ ነኝ። ይህን ለማንም ሳትናገር ሕፃኗን ዳግመኛ ላለመንካት በልቧ ወሰነች።

ቤት ስትደርስ ሂዊ ልጇን ይዛ ይጁቤ አማቷ ዘንድ ሄዳለች። የብርጓል ግቢው ጥግ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ገባች። የሐኪም ቤቱን ወረቀት የሂዊ ባል አበባው ለሊቀ አቶም ወስዶ አስነብቧቸው ነበር፤ መምህሩ ሁለት ጊዜ አንብበው "አዮዲን! አዮዲን መቶ ሠላሳ አንድ!" እያሉ እንደ ዘመድ ስም ጠሩት። አበባው ቃሉን ጨርሶ ሳይሰማ ወጣ፤ እሱም የከተማው ልጅ ነው።

ችግሩ የተፈጠረው በማግስቱ በር ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ እንኳን እግዜር ማረሽ ሊል መጣ። አበባው ጨዋ ልጅ ነው፣ ነገር ማስረዳት ግን አይሆንለትም። በሩን ገርበብ አድርጎ "አትታይም" አለ።

"ምነው?"

"ከልክለዋል። አትታይም።"

"ሂዊስ?"

"ልጇን ይዛ ይጁቤ ሄደች።"

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያላየው ዓይኑ ቀልቷል። በእኛ አገር የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ይደበቃል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሲነጋጋ መርዶው ይነገራል። የማትታይ ሴት፣ ሩቅ የተላከች ልጅ፣ ዓይኑ የቀላ አማች ካሉ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጎረቤት እርስ በርሱ ተያየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ "ልጁ ብቻውን እንዴት ይችለዋል" ብሎ አዘነ። እድሩም ሥራውን ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት የብርጓልን የቀሰቀሳት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ የጋሽ ገብረ ሚካኤል ድምፅ ነው። "የብርጓል ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየች፣ የእድሩ አባላት ሁሉ..." የብርጓል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ወዲያው የግቢው በር ተከፈተ፣ ድንኳኑ ገባ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። አበባው "ኸረ ቆዩ! ኸረ ስሙኝ!" ቢል፣ ሐዘን ያናገረው መስሏቸው ሁለት ጎረምሳ ደግፎ አስቀመጠው።

"አለሁ!" ልትል መስኮቱን ስትይዝ የአይናዲስን ድምፅ ሰማች። አይናዲስ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ያላት ናት፤ አስራ አንድ ዓመት በዳቦ ሲፎካከሩ ኖረዋል። "እንደ እሷ ዳቦ የሚጋግር ከወዴት ይመጣል! የኔማ ድንጋይ ነው፣ የኔማ ለአጥር ነው!" እያለች ደረቷን ትመታለች። የብርጓል እጇን ከመስኮቱ ላይ አነሳች፤ ይህ እስኪያልቅ ብትሞት ምን ይጎዳታል? ደግሞም ልቧ ክፉ ነገር ነገራት። የልጅ ልጄን ካላቀፍኩ ከሞተ ሰው ምን ይለየኛል፣ ይልቀሱልኝ አለች።

ይህን ስታስብ ሊቀ አቶም በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ዱላቸው በአንድ እጃቸው፣ ኪሳቸው እየተንኳኳ ነው።

"ሰዎች! የብርጓል አለች!" ብለው በዱላቸው መስኮቱን መቱ። የብርጓል ከፈተችው።

ከዚያ የሆነውን መናገር ያስቸግራል። ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ እልል አለ፣ አይናዲስ በደረቷ ላይ ያለው እጇ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ሁሉም በአንድነት ሊያቅፋት፣ ጉንጭና ጉንጯን ሊስማት ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። ከፊት ያለችው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሊቀ አቶም በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዘለው ከፊታቸው ቆሙ፣ በዱላቸውም መሬቱ ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ።

"ከዚህች መስመር አንድ ሰው ቢያልፍ" አሉ፣ "አቶምን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስተምረዋለሁ!"

ሕዝቡ ቀጥ አለ። በቀላሉ የሚቆም ሕዝብ አልነበረም።

ጋሽ ገብረ ሚካኤል ጡሩምባውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ "ታዲያ ከሞት የተመለሰችን ሴት የማንስማት ለምንድን ነው?" አለ። ይህ ስህተት ነበር። ሆኖም ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፤ ለቀስተኛ ደግሞ እንደ ተሳፋሪ አይበተንም። ሊቀ አቶም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሄጃ የሌለው አድማጭ አገኙ።

"የብርጓል የጠጣችው አዮዲን ነው። ወንድሙ ጨው ውስጥ አለ፣ ሁላችሁም ትበሉታላችሁ። የአንገት እጢ አዮዲን ትወዳለች፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰበስባለች። ይህኛው ግን ኒውክለሱ፣ ያቺ ጤፏ፣ አልተረጋጋችም። ጊዜዋ ሲደርስ ጨረር ትወረውራለች። ያመመውን እጢ የሚያረግበው ያ ነው፣ ለሕፃን የሚከለከለውም ያ ነው። እስከ መቼ ትወረውራለች? ቁሙ!"

ቆርኪውን ማደል ጀመሩ። ስልሳ አራት ሰው ስልሳ አራት ቆርኪ ይዞ ቆመ። "ወርውሩ! በጀርባው የወደቀበት ይቀመጥ።" ወረወሩ። ሠላሳ ሦስቱ ተቀመጡ። "ይኸው ስምንት ቀን አለፈ። የቆማችሁ ድገሙ!" አስራ አምስት ቀሩ። "አስራ ስድስት ቀን!" ስምንት። "ሃያ አራት!" ሦስት። ሳይታወቃቸው ነገሩ ያዛቸው፤ የተቀመጡት ለቆሙት ማጨብጨብ ጀመሩ። አምስተኛው ላይ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ጋሽ ገብረ ሚካኤል። ስድስተኛውንም ወረወረ፣ ቆመ። ሰባተኛውንም ወረወረ፣ ቆመ።

"ምን አድርጌ ነው?" አለ አዛውንቱ እየደነገጠ።

"ምንም አላደረግህም። ጊዜህ አልደረሰም።"

"መቼ ይደርሳል?"

"አላውቅም" አሉ ሊቀ አቶም።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው አልነበረም።

"አላውቅም። ማንም አያውቅም። አንዷን አቶም ለይታችሁ መቼ ነሽ ብትሉ፣ አሁንም ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ ዓመት በኋላም። ብታሞቋት አትፈጥንም፣ ብታቀዘቅዟት አትዘገይም፣ ብትለምኗት አትሰማም። ከእልፍ አእላፍ ጋር ሆና ስትቆጠር ግን በስምንተኛው ቀን ግማሻቸው ሄደዋል። አንዷም ቀኗን አታውቅም፣ ሁሉም በአንድነት ግን ቀኑን አይስቱም። አርባ ዘጠኝ ዓመት አስቤዋለሁ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስነሳ ይገርመኛል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።"

የብርጓል መስኮቱን ይዛ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወተቷ ይገነፍል ነበር። አሁን ግን የገዛ አንገቷን በመዳፏ ይዛ፣ እዚህ ውስጥ ያ ሁሉ ቆርኪ እየተወረወረ ነው አለች። ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይቆጥረው።

"መምህር" አለች፣ "ቁጭ ያሉትስ ወዴት ይሄዳሉ?"

ሊቀ አቶም ዞሩ። "ማን ነው የጠየቀ?"

"እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። ሳይጠየቁ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ሲጠየቁ መልሱ ጠፋባቸው። መነጽሩን በእጃቸው እንደያዙ ተናገሩ።

"የትም አይሄዱም፣ ይለወጣሉ። የአቶም ስሙ ጤፏ ውስጥ ባለው የፕሮቶን ቁጥር ነው። አዮዲን ሃምሳ ሦስት አለው። ጨረሩን ሲወረውር ሃምሳ አራት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዮዲን መባሉ ይቀራል፣ እንደ ክርስትና ስሙ ይቀየራል። ዜኖን ይሆናል። ዜኖን ማለት ማንንም የማይነካ፣ ከማንም የማይጣላ አየር ነው። ትተነፍሺዋለሽ፣ ይሄዳል።"

"እተነፍሰዋለሁ?"

"አሁንም እየተነፈስሽው ነው።"

የብርጓል ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያ የፈራችውን አወጣች። "በሰማንያው ቀንስ መምህር? ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ ከኔ ውስጥ ስንት ይቀራል?"

ሊቀ አቶም በጣታቸው ቆጠሩ። ከጠጣችበት ቀን እስከ ሰማንያው ስልሳ አራት ቀን ነው። ስምንት ጊዜ ስምንት። ፊታቸው በራ፤ ሮጠው በአጥሩ ቀዳዳ ወጡ፣ ሰፌድና ጆንያ ይዘው ተመለሱ። ሰፌዱ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቆርኪ ቆጥረው መስመሯ ላይ አስቀመጡት። "በየስምንት ቀኑ መጥቼ ግማሹን አነሳለሁ። አንቺ ከመስኮትሽ ሆነሽ እዪ። በሰማንያው ቀን ሰፌዱ ላይ የቀረው፣ አንቺም ውስጥ የሚቀረው ያ ነው። ከሰውነት በሽንት የሚወጣውን ሳልቆጥር ነው፤ እሱማ ከዚህ ይፈጥናል።"

ለቀስተኛው እስከ ምሳ ድረስ ቆየ፣ ማንም ተገዶ አልቆየም። ሲወጡ ጋሽ ገብረ ሚካኤል በሰፈሩ ዞሮ "የብርጓል ባለመሞቷ..." ብሎ ለፈፈ። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ግን እድሩ ልማድ ስላልነበረው እዚያ ላይ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

ሊቀ አቶም ቃላቸውን ጠበቁ። በስምንተኛው ቀን መቶ ሃያ ስምንት፣ በአስራ ስድስተኛው ስልሳ አራት። ሃያ አንዱ ቀን ሲሞላ ሂዊ ልጇን ይዛ መጣች። የብርጓል ከመስመሯ ወዲህ ቆማ ስታመነታ "ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ሰፌዱም ጎድሏል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብለው የተቆጧት እሳቸው ናቸው። ተቀምጣ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። እጇ ግን ገና ስላልረገበ ይዛት ለመቆም አልደፈረችም። እጢዋም እንደ ቆርኪው ቀስ እያለች ነበር የምትረግበው፣ ሳምንት በሳምንት።

በሰማንያው ቀን ጠዋት የብርጓል አንድ ብርጭቆ ሻይ እስከ አፉ ሞላች። ማስቀመጫው ላይ አድርጋ ግቢውን አቋርጣ ወደ አጥሩ ሄደች። ሊቀ አቶም ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ብርጭቆው አልተንኳኳም። በአጥሩ ላይ ተቀበሏት፣ ሻዩን ሳይቀምሱም ከሰፌዱ ላይ የቀረችውን አንዲት ቆርኪ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ሕፃኗን አቅፋ ከቤት ያወጣቻት፣ ቤተ ክርስቲያን ያስገባቻት፣ የክርስትና ስሟ ሲጠራም ከደጅ እስከ ውስጥ ያቀፈቻት እሷው ናት። ክንዷ ንቅንቅ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ያው ድንኳን ለድግሱ ተተከለ። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት ሊቀ አቶም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኪሳቸው ተንኳኳ። "እንግዲህ ይህች ሕፃን ዛሬ ስሟ እንደተለወጠ ሁሉ..." ማለት ከመጀመራቸው አግዳሚው መሳሳት ጀመረ። ለቀስተኛ የነበረው ሕዝብ ድግስተኛ ሲሆን እግሩ ይፈጥናል። ጋሽ ገብረ ሚካኤል ጡሩምባው ትዝ አለው። አይናዲስም "ውይ፣ ወተት ጥጄ ነው የመጣሁ!" ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

የብርጓል የተኛችውን ሕፃን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች፣ በርጩማዋን በሌላው እጇ ጎትታ ከመምህር ሀይለመለኮት ፊት አስጠግታ ተቀመጠች።

"መምህር፣ ከጤፏ ይጀምሩልኝ" አለች። "ያን ቀን እኮ የደረስኩት ከመሀሉ ነው።"